የሙቀት መለኪያና የዲግሪ ታሪክ

ቀደም ባለው ዘመን ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ያችን ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ ያስታውሳታል። አስታማሚዋ ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፋ በበሽተኛው ብብት ታኖራት ነበር፤ ጥቂት ቆይታም አውጥታ ወደ ብርሃን ዘወር አድርጋ ትመለከትና «ሠላሳ ዘጠኝ ደርሷል» ስትል ቤተ ዘመዱ ይደነግጣል። ዘንጊቱ የለካችው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ሙቀትን ለካች ብንል ነገሩን በጥብቅ አልተናገርነውም። ሙቀት በክንድ አይለካም፥ በቍና አይሰፈርም፥ በሚዛንም አይመዘንም። ዘንጊቱ ያሳየችው በውስጥዋ ያለው ባዜቃ ምን ያህል እንደ ረዘመ ብቻ ነው፤ ባዜቃ ማለትም ብር መስሎ እንደ ውሃ የሚፈሰው ማዕድን ነው። ከዚህ ርዝመት ተነሥቶ «የዚህ ሰው ትኵሳት ይህን ያህል ነው» ብሎ በእርግጥ ለመናገር የሰው ልጅ ከ200 ዓመት በላይ ደክሟል። ዛሬ የምንጽፈው የዚህን ድካም ታሪክ ነው፤ ዓመቱንም ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን አስፈለገ፥ እጃችን አይበቃንምን የሚል ቢኖር ሦስት ሳሕን ውሃ ያቅርብ፤ አንደኛው የቀዘቀዘ፥ ሁለተኛው ለብ ያለ፥ ሦስተኛው እጅ የሚችለውን ያህል የሞቀ ይሁን። ቀኝ እጁን በሙቁ፥ ግራ እጁን በቀዝቃዛው ጥቂት አቈይቶ ሁለቱን በአንድነት ለብ ወዳለው ውሃ ቢያገባቸው፥ ቀኝ እጁ «ይህ ውሃ ቀዝቃዛ ነው» ትለዋለች፥ ግራ እጁ ደግሞ «ሙቅ ነው» ትለዋለች። ውሃው ግን አንድ ነው። እንግዲህ ሰው ከገዛ ሁለት እጆቹ ይህን ያህል የተለያየ ምስክርነት ከሰማ፥ የደብረ ብርሃን ሰው ለሐረር ሰው «ዘንድሮ ብርዱ ጸናብን» ብሎ ቢጽፍለት ምን ያህል ያስረዳዋል? የጐደለው ከጸሓፊው ተለይቶ መንገድ ሊሄድ የሚችል፥ ሳይለወጥም ከሌላው ዘንድ የሚደርስ ቍጥር ነበር።

ነገር ሲሞቅ እንደሚሰፋ፥ ሲበርድም እንደሚኮማተር የጥንት ሰዎች አላጡትም። አፉ ታስሮ በአየር የተነፋ ስልቻ ፀሐይ ላይ ሲውል እንደሚወጠር ማንም ያያል። በአንደኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ሄሮን የተባለ የመሣሪያ ጥበብ ዐዋቂ፥ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር በፀሐይ ሲሞቅ እየሰፋ ውሃውን ገፍቶ የሚያንጠባጥብበትን ብልሃት በመጽሐፉ ጽፏል። መጽሐፉም በ1575 ዓ.ም. በላቲን ታትሞ በኢጣልያ ሊቃውንት እጅ ገባ። ይሁን እንጂ ሄሮን ይህን ነገር መደነቂያ አደረገው እንጂ መለኪያ አላደረገውም።

መለኪያ ለመሆን የጀመረው በፓዱዋ ከተማ ነው። የቤኔዲክቶስ ማኅበር መነኵሴ የነበረው ቤኔዴቶ ካስቴሊ በ1638 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፥ ከ35 ዓመት በፊት መምህሩ ጋሊሌዎ ያሳየውን ነገር ይተርካል። ጋሊሌዎ አንዲት ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ያዘ፤ ሆድዋ የዶሮ ዕንቍላል ያህል፥ አንገትዋ ግን ሁለት ስንዝር ያህል የረዘመና እንደ ስንዴ አገዳ የቀጠነ ነበር። የጠጅ ብርሌ አይተን የምናውቅ እኛ መልክዋን ለመገመት አንቸገርም፤ አንገትዋን ብቻ በጣም ማስረዘምና ማቅጠን ነው። ሆድዋን በሁለት እጁ መዳፍ ይዞ ካሞቀ በኋላ ገልብጦ አፍዋን በታች ባኖረው ውሃ ውስጥ አገባ። እጁን ሲለቅ ውሃው ማንም ሳይነካው በአንገቷ ሽቅብ ወጣ፥ ከስንዝርም በላይ ቆመ። በመዳፉ ሙቀት የሰፋው አየር በከፊል ወጥቶ ነበርና፥ የቀረው በርዶ ሲኮማተር ባዶ የተወውን ስፍራ ውሃው ወረሰው። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ሲሞቅ ውሃው ይወርዳል፥ ሲበርድም ይወጣል።

በዚያው በፓዱዋ ሳንቶሪዮ የተባለ ሐኪም ነበረ። ይህ ሰው ምግቡንና የገዛ ሰውነቱን ክብደት በየዕለቱ በሚዛን ሲመዝን ብዙ ዘመን የኖረ፥ ቍጥር የሚወድ ሰው ነው። በዚህች የብርጭቆ ዕቃ ላይ መሥመር አስምሮ ሆድዋን በበሽተኛ አፍ እያስያዘ ውሃው ስንት መሥመር እንደ ወረደ ይመለከት ጀመር፤ ነገሩንም በ1612 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። ትኵሳትን በእጅ ከመዳሰስ ወደ ቍጥር ያሻገረ የመጀመሪያው ሐኪም እርሱ ነው ብንል አናበዛበትም።

ነገር ግን መሣሪያዋ አንድ ስውር ጉድለት ነበረባት። የአንገቷ አፍ ክፍት ሆኖ በውሃ ውስጥ ስለ ተነከረ፥ በውሃው ፊት ላይ የሚጫነው የውጭ አየር ውሃውን ይገፋዋል። አየር ክብደት እንዳለው በ1644 ዓ.ም. ቶሪቼሊ አስረዳ፤ ክብደቱም ከቀን ወደ ቀን፥ ከቆላ ወደ ደጋ እንደሚለዋወጥ ታወቀ። በ1648 ዓ.ም. ፓስካል የእኅቱን ባል የባዜቃ ቧንቧ አስይዞ ፒዊ ድ ዶም ወደሚባለው ተራራ ቢሰደው፥ ባዜቃው በተራራው ራስ ላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ የጋሊሌዎ ዕቃ ሁለት ጌታ የሚያገለግል ሎሌ ሆነች፤ ውሃው ከፍና ዝቅ ሲል ያደረገው ሙቀት ይሁን የአየር ክብደት ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

መድኃኒቱ የተገኘው በፊሬንዜ ነው። የቶስካና መስፍን ዳግማዊ ፌርዲናንዶ ጥበብን የሚወድ ሰው ነበርና፥ በ1654 ዓ.ም. ገደማ ብርጭቆ ነፊዎቹ ሌላ መሣሪያ ሠሩለት። ሆድዋና አንገትዋ እንደ ቀድሞው ናቸው፤ በውስጥዋ ግን በአየር ፈንታ የነጠረ አልኮል ተሞላ፥ አናትዋም በእሳት ቀልጦ ተደፈነ። የውጭ አየር ከእንግዲህ መግቢያ የለውም። አልኮሉ ሲሞቅ እየሰፋ በቀጭኑ አንገት ይወጣል፥ ሲበርድም ይወርዳል። ዲግሪዎቹን የሚያመለክቱ እንደ ዶቃ ያሉ ትንንሽ ነጥቦች በአንገትዋ ላይ ተለጠፉ፤ ብዙዎቹም ባለ 50 ነጥብ ነበሩ።

ለቤተ ክህነት ሰዎች ደስ የሚያሰኘው ነገር ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። መስፍኑ እነዚህን መለኪያዎች በካህኑ በሉዊጂ አንቲኖሪ አማካይነት ወደ ልዩ ልዩ አገር ላከ፤ ወደ ቦሎኛ፥ ወደ ፓርማ፥ ወደ ሚላኖ፥ ወደ ኢንስብሩክ፥ ወደ ፓሪስ፥ እስከ ዋርሶም ድረስ ሄዱ። በቫሎምብሮዛ ተራራ ገዳምና በፊሬንዜ ገዳም ያሉ መነኮሳትም መለኪያውን በየቀኑ ብዙ ጊዜ እያዩ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። በዓለም ላይ በብዙ አገር በአንድ ዐይነት መሣሪያ የአየርን ሙቀት መዝግቦ መያዝ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። የሊቃውንቱ ጉባኤ በ1667 ዓ.ም. ተበተነ፤ የመነኮሳቱ መዝገብ ግን እስከ 1670 ዓ.ም. ይዘልቃል። የገዳም ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ሥራ ምን ያህል እንደሚስማማ ተመልከቱ፤ ሰዓቱን ጠብቆ አንድን ነገር ሳይሰለቹ መደጋገም ከመነኵሴ የተሻለ የሚያውቅበት የለም።

መዝገቡ ሁሉ ግን አንድ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የፊሬንዜ መለኪያዎች እርስ በርሳቸው የተስማሙት አንድ ብልህ ብርጭቆ ነፊ አንዱን ከሌላው እያመሳሰለ ስለ ሠራቸው ነው እንጂ፥ ቍጥሩ የተመሠረተበት በሁሉ አገር የሚገኝ ነገር አልነበረም። መለኪያዎቹ ቢሰበሩና ሠሪው ቢሞት፥ «ዛሬ 13 ነጥብ» የሚለው ጽሕፈት ትርጓሜው የጠፋ ቃል ይሆናል። እንደ ተፈራውም ሆነ፤ መለኪያዎቹ ጠፉ፥ የመነኮሳቱም መዝገብ ዲዳ ሆኖ ከ150 ዓመት በላይ ተቀመጠ። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት የመሣሪያውን አሠራር እንመልከት። ባዜቃ 100 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ 1000 እጅ የነበረው 1018 እጅ ይሆናል። የያዘው ብርጭቆም እንዲሁ ይሰፋልና ሆዱ ከ1000 ወደ 1002 ከግማሽ ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ ወደ አንገቱ የሚወጣው ትርፍ 15 ከግማሽ እጅ ብቻ ነው። ለአንዲት ዲግሪ ቢካፈል ከ6000 እጅ አንድ እጅ ያህል እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ያነሰ ነገር በዐይን እንዲታይ ሆዱ ሰፊ፥ አንገቱ ግን እንደ ጠጕር ቀዳዳ ጠባብ መሆን አለበት። የመሣሪያው ጥበብ በሙሉ በዚህ ሆድና አንገት መበላለጥ ላይ ነው። አልኮል ከባዜቃ ስድስት እጅ ያህል አብልጦ ይሰፋልና ለማየት ይመቻል፤ ነገር ግን በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ለታላቅ ሙቀት አይሆንም። ባዜቃ በአንጻሩ ከዜሮ በታች እስከ 39 ዲግሪ ሳይረጋ፥ ከዜሮ በላይም እስከ 357 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል።

የቀረው ነገር ምልክቱን ከየት ጀምሮ ወደ የት መቍጠር ነው። ኒውተን በ1701 ዓ.ም. ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው ጽሑፍ፥ በተልባ ዘይት የሞላ መለኪያ ሠርቶ የሚቀልጥ በረዶን 0፥ የሰውን ገላ ሙቀት 12 አለው። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ተልባ ዘይት ግን ከብርጭቆው ጋር እየተጣበቀ ለሥራ አልተመቸም። ለዓለም ሁሉ የሚበቃ መለኪያ የሠራው የሊቃውንት ልጅ ሳይሆን ለንግድ የታሰበ አንድ የሙት ልጅ ነው።

ዳንኤል ገብርኤል ፋረንሃይት በ1686 ዓ.ም. በዳንትሲግ ከተማ ተወለደ። 15 ዓመት ሲሆነው አባቱና እናቱ መርዛም እንጉዳይ በልተው በአንድ ቀን ሞቱ። ሞግዚቶቹም የንግድ ሒሳብ እንዲማር ወደ አምስተርዳም ሰደዱት፤ እርሱ ግን ልቡ በመሣሪያ ተነጠቀና ሒሳቡን ትቶ ብርጭቆ መንፋት ተማረ። በ1708 ዓ.ም. ወደ ኮፐንሃገን ሄዶ ኦሌ ሮመር የተባለው የከዋክብት ሊቅ መለኪያዎቹን በሁለት ቁርጥ ምልክት እንዴት እንደሚያስማማ አየ። ከዚያ ወዲያ ሌት ተቀን ይህንኑ አሰበ። በ1714 ዓ.ም. ሁለት መለኪያ ሠርቶ በሐለ ከተማ ለሚያስተምረው ለክርስቲያን ቮልፍ ሰጠው። ቮልፍ ሁለቱን ጐን ለጐን አድርጎ ቢመለከት አንድ ቍጥር ስላሳዩ እጅግ ተደነቀ፥ ስለዚህም ነገር ጽፎ አሳተመ። ለእኛ ለዛሬዎቹ ይህ መደነቅ ያስቃል፤ ሁለት መለኪያ ተስማማ ተብሎ ይጻፋልን? ለዚያ ዘመን ሰው ግን ሁለት ምስክሮች ሳይማከሩ አንድ ቃል እንደ ተናገሩ ያህል ነበር።

ፋረንሃይት አልኮሉን ትቶ ባዜቃን መረጠ። ለመለኪያውም መሠረት አድርጎ ያቆመው ሦስት ነገር ነው፤ በረዶ ከውሃና ከጨው ጋር ሲደባለቅ የሚደርስበትን ታላቅ ብርድ 0፥ በረዶና ውሃ ብቻውን 32፥ የጤነኛ ሰው አፍ ወይም ብብት 96 አለ። በ1724 ዓ.ም. ይህን ሁሉ ለእንግሊዝ ንጉሣዊ የሊቃውንት ማኅበር ጻፈ፥ ማኅበርተኛም ተደረገ። ከቦታ ወደ ቦታ የማይለያዩ መለኪያዎች ከእርሱ እጅ ወጥተው በአውሮፓ ተበተኑ። በ1736 ዓ.ም. በሄግ ከተማ ሞተ።

ሌሎችም ተነሡ። ፈረንሳዊው ረኦሙር በ1730 ዓ.ም. ከበረዶ እስከ ፍል ውሃ 80 ዲግሪ የሚቈጥር የአልኮል መለኪያ አወጣ፤ በአገሩ ብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖረ እንጂ ከፋረንሃይት ይሻል ነበር ለማለት አልደፍርም። በስዊድን አገር በኡፕሳላ ያስተምር የነበረው አንደርስ ሴልስዩስ ግን ትዕግሥተኛ ሰው ነው። በረዶ ሲቀልጥ ባዜቃው ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ይቆማልን ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ በክረምቱ ወራት ሁሉ መረመረ፤ አየሩ ቢከብድም ቢቀልም ለውጥ እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ በ1742 ዓ.ም. የመቶ ዲግሪ መለኪያውን ገለጸ። የሚያስገርመው አቈጣጠሩ ነው፤ የውሃን መፍላት 0፥ የበረዶን መቅለጥ 100 ብሎ ስለ ነበር፥ ብርድ በጨመረ ቍጥር ቍጥሩም ይጨምራል። በ1744 ዓ.ም. በ42 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ወዳጆቹ ገለበጡት። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማም ክሪስተን የተባለ ሰው በ1743 ዓ.ም. ዛሬ እንደምንቈጥረው ከ0 ወደ 100 ሽቅብ የሚወጣ መለኪያ አሠርቶ ነበር።

በረዶ ታማኝ መሆኑ ታወቀ። የፈላ ውሃ ግን ታማኝ አልሆነም። ፋረንሃይት ራሱ እንዳስተዋለው፥ የአየር ክብደት ሲያንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፥ ሲበዛም ዘግይቶ ይፈላል። ይህን ነገር ከማንም ይልቅ እኛ በደጋ የምንኖረው ልናውቀው ይገባናል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ገደማ ይፈላል፤ በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ከ85 ብዙ አያልፍም፤ ከባሕር ወለል በታች ዝቅ ባለው በዳሎል ግን ከ100 ጥቂት ይበልጣል። በደጋ ባቄላ ሲቀቀል ንፍሮው ቶሎ አልበስል የሚለው ስለዚህ ነው፤ ውሃው ይፈላል እንጂ በቂ ሙቀት የለውም። ከ1838 እስከ 1848 ዓ.ም. አገራችንን የዞረው አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ይህንኑ ነገር ገልብጦ ተጠቀመበት፤ ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ በቴርሞሜትር አይቶ ስፍራው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ያሰላ ነበር።

አሁን አንድ የአዲስ አበባ ብልህ ሠራተኛ መለኪያ ቢሠራና ይህን ሳያውቅ በረዶውን 0፥ በቤቱ የፈላውን ውሃ 100 ብሎ ምልክት ቢያደርግ እንበል። ጤነኛው ሰው በዚያ መለኪያ ሲለካ 40 ዲግሪ ይወጣበታል። ያልታመመ ሰው እንደ ብርቱ በሽተኛ ይተኛል ማለት ነው።

የዠኔቭ ሰው የነበረው ዣን አንድሬ ድሉክ በዚህ በውሃ መፍላት ነገር ከሁሉ ይልቅ ተጨነቀ። በውሃ ውስጥ የተሸሸገ አየር አለና፥ ይህ አየር ቢወጣ ውሃው በስንት ዲግሪ ይፈላል ብሎ ጠየቀ። አየሩን ለማስወጣት ውሃውን በብርጭቆ ዕቃ አድርጎ አራት ሳምንት ሙሉ በእጁ ሲንጥ ሰነበተ። እየበላ፥ እያነበበ፥ ከወዳጆቹ ጋር እየተጫወተ፥ በእግሩም እየተዘዋወረ ይንጥ ነበር፤ ዕቃውን የሚያስቀምጠው ሲተኛና ግድ የሆነ ጉዳይ ሲያጋጥመው ብቻ ነው። ቅቤ የምትንጥ ሴት እንኳ ከጥዋት እስከ ቀትር ትጨርሳለች። ድካሙም ከንቱ አልሆነም፤ አየሩ የወጣለት ውሃ 112 ዲግሪ ደርሶም አልፈላም፥ ከዚያ በኋላ ግን በድንገት ገነፈለ። ስለዚህ «ውሃ የሚፈላበት ዲግሪ» የተባለው ቁርጥ ምልክት፥ ሰው እንዳሰበው ቁርጥ እንዳልሆነ ተገለጠ።

በለንደንም ሄንሪ ካቨንዲሽ የታወቁ ሠሪዎች የሠሩአቸውን መለኪያዎች ቢያነጻጽር፥ በፍል ውሃ ምልክታቸው በፋረንሃይት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። ንጉሣዊው ማኅበር ሰባት ሰዎች መረጠ፥ ድሉክም አንዱ ነበረ። እነርሱም በ1777 ዓ.ም. እንዲህ ብለው ወሰኑ፤ ቴርሞሜትሩ በፈላው ውሃ ውስጥ አይነከር፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከውሃው በላይ በእንፋሎቱ ውስጥ ይንጠልጠል፤ የአየሩም ክብደት በባሮሜትር 29 ኢንች ከ8 አሥረኛ ሲሆን ይደረግ። ውሃው ሲገነፍል ከፍና ዝቅ ቢል እንኳ እንፋሎቱ በአንድ ዲግሪ ይጸናልና። በእኔ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይህ ውሳኔ ታላቁ ነው፤ አዲስ ነገር ስላገኙ ሳይሆን፥ የአንዱ ከተማ ሠራተኛ የሌላውን ከተማ ሠራተኛ ሳያየው ያንኑ ምልክት እንዲያወጣ ሥርዓት ስለ ጻፉለት ነው።

ሁለቱ ምልክቶች ከጸኑ በኋላ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ቀረ። በ0ና በ100 መካከል ያለውን ስፍራ መቶ እኩል ቦታ ከፍለን 50 ስንል፥ ሙቀቱ በእውነት በመካከል መሆኑን ማን ነገረን? ባዜቃው በእኩል ሙቀት እኩል ይረዝማል ብለን አምነን እንጂ፤ ይህን ደግሞ ለማረጋገጥ ሌላ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፥ እርሱንም ለማረጋገጥ ሌላ። ጥርጣሬው ከንቱ አይደለም። ከባዜቃ የተሠራና ከአልኮል የተሠራ ሁለት ቴርሞሜትር በ0 እና በላይኛው ምልክት ቢስማሙ እንኳ በመካከል ይለያያሉ። በውሃ የተሞላ ከሆነማ ጉዱ ይብሳል፤ ውሃ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሲሞቅ በመስፋት ፈንታ ይጠባልና መለኪያው ሙቀት ሲጨምር ብርድ ጨመረ ይላል፤ እውነተኛው 50 ሲሆን የውሃው መለኪያ ከ30 አያልፍም።

ድሉክ መልሱን በመቀላቀል ፈለገ። በረዶ የቀዘቀዘ ውሃና ፍል ውሃ በእኩል ሚዛን ቢቀላቀል ሙቀቱ በመካከል መሆን አለበት፤ ቴርሞሜትሩ ወደ መካከሉ የቀረበ ቢሆን እርሱ ይሻላል ብሎ ብዙ ፈሳሽ ፈተነ። ባዜቃ ከሁሉ ቀርቦ ተገኘ፥ በ1772 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም አከበረው። ነገር ግን ይህ ፈተና ራሱ ሌላ እምነት ተሸክሟል፤ ውሃ በማናቸውም ዲግሪ ላይ አንድ ዲግሪ ለመጨመር እኩል ሙቀት ይወስዳል ብሎ አስቀድሞ ያምናልና፥ ይህም ፍጹም እውነት አይደለም።

ከ70 ዓመት በኋላ በፓሪስ ቪክቶር ረኞ ጥያቄውን በሌላ መንገድ አቀረበው። «ከመለኪያዎቹ እውነተኛው የቱ ነው?» ማለቱን ተወ። በዚህ ፈንታ፥ በአንድ ዐይነት ብልሃት የተሠሩ ሁለት መለኪያዎች እርስ በርሳቸው ይስማማሉን አለ፤ ከራሱ ወገን ጋር የማይስማማ ምስክር አስቀድሞ ይወድቃልና። ባዜቃ በዚህ ፈተና ተሰናከለ። ብርጭቆው ልዩ ልዩ ከሆነ አሰፋፉ ይለያያልና፥ ከ100 ዲግሪ በላይ በታላቅ ሙቀት ሁለት የባዜቃ መለኪያዎች በብዙ ዲግሪ ተለያዩ። በአየር የተሞሉት ግን፥ አየሩ የሳሳም ቢሆን የታመቀም ቢሆን ተስማሙ። አየር ከብርጭቆ እጅግ አብልጦ ስለሚሰፋ የብርጭቆው ስሕተት በእርሱ ዘንድ ከቍጥር አይገባም። ጋሊሌዎ የጀመረበት አየር፥ በሚገባ ተዘግቶና ተጠብቆ፥ የመለኪያዎች ሁሉ ዳኛ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ እናልፋለን። በ1848 ዓ.ም. ሎርድ ኬልቪን በማናቸውም ፈሳሽ ወይም አየር ጠባይ ያልታሰረ የሙቀት አቈጣጠር አሰበ፤ የዚህ አቈጣጠር መነሻ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ ነው። የሐኪም ቴርሞሜትር በ1867 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ሐኪም በኦልበት እጅ ከስንዝር ያነሰ ሆነ፤ ጀርመናዊው ቩንደርሊህም በ1868 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የጤነኛ ሰው ገላ 37 ዲግሪ መሆኑን አጸና። አስታማሚዋ ዘንጊቱን ታራግፍ የነበረው፥ የወጣው ባዜቃ ተመልሶ እንዳይወርድ ከሆዱ በላይ ጠባብ ጕሮሮ ስለ ተሠራለት ነው። ባዜቃ መርዝ በመሆኑ ግን በ2013 ዓ.ም. በተፈረመው የሚናማታ ውል መሠረት ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በውሉ በገቡ አገሮች እነዚህን ዘንጎች መሥራት ቀርቷል። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ዲግሪ ራሱ ከበረዶና ከውሃ ተለይቶ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቍጥር ላይ ተመሠረተ።

ትተነው ወደ መጣነው ወደ ገዳሙ መዝገብ እንመለስ። በ1829 ዓ.ም. በፊሬንዜ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ተሸሽገው የኖሩ ብዙ የመስፍኑ መለኪያዎች ሳይሰበሩ ተገኙ። ጉሊዬልሞ ሊብሪ የተባለ የሒሳብ ሊቅ እነዚህን ከዘመኑ ቴርሞሜትር ጋር አስተያየ፤ ይህ ሰው በኋላ የፈረንሳይን ቤተ መጻሕፍት ብርቅ መጻሕፍት ሰርቋል ተብሎ በ1850 ዓ.ም. በሌለበት የተፈረደበት ነው፤ በዲግሪ ግን የሚነቀፍ አልሆነም። ባለ 50ዎቹን መለኪያዎች በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ቢነክራቸው ሁሉም በ13 ከግማሽ ነጥብ ላይ ቆሙ። ይህ አንድ ቍጥር የመዝገቡ ቍልፍ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ሁለት የኢጣልያ ተመራማሪዎች የቫሎምብሮዛና የፊሬንዜ መነኮሳት የጻፉትን ቍጥር በሴልስዩስ ዲግሪ መልሰው አሳተሙት። ዛሬ ማንም ሰው መጽሐፉን ገልጦ በዚያ ተራራ ላይ ከ360 ዓመት በፊት በአንድ የክረምት ጥዋት ምን ያህል ብርድ እንደ ነበረ፥ አንድ መነኵሴ ከጸሎት ወጥቶ ያየውን ያህል ያነብባል።